ራሱን ውጭ የቆለፈው ተፈታኝ

ተፈታኙ «ማንም እንዳይገባ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ ሲጫን ስክሪኑ ድርቅ አለ። ኔትወርኩን ከሰርጎ ገቦች ሲዘጋ፣ ራሱን የሚያስገባውን የትእዛዝ መስመር ማስቀደም ረስቶ ነበር። ላቡ ካንገቱ ተነሥቶ ካልሲው ውስጥ ሐይቅ ሠራ። ይህን ፈተና ሁለቴ ወድቋል፤ ዛሬም ከወደቀ መሥሪያ ቤቱ ያሰናብተዋል።

«ቤትህን ቆልፈህ ቁልፉን ውስጥ ረሳኸው አይደል?» አለች ፈታኟ ከጀርባው።

«እትዬ፣ የኔትወርኩን መሣሪያ አጥፍቼ ላብራው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ፈተናው የማን ነው?»

ጣቱን ማጥፊያው ላይ አሳረፈ። መሣሪያው ሲጠፋ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ሁሉ ይጠፋል። ስህተቱን ሴቭ እንዳላደረገ ያውቃል፤ ከዚያ በፊት የጻፋቸውን አሥራ አንድ መስመሮችስ? በዚያች ቅጽበት የእናቱን ስም ቢጠይቁት እንኳ አያስታውስም ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ተጫነው። ማራገቢያው ዝም ሲል ልቡም አብራ ዝም ያለች መሰለው። መሣሪያው እስኪነሣ የፈጀው ሦስት ደቂቃ ሦስት ክረምት ሆነበት። ስክሪኑ ሲበራ አሥራ አንዱም መስመር በቦታው ነበር፤ የጠፋው ያ የቆለፈው ብቻ ነው።

«አራት ደቂቃ ቀረህ።»

አሁን መጀመሪያ ራሱን የሚያስገባውን ጻፈ፣ ከሥሩ የሚዘጋውን። ጣቱ ግን አልጫንም ብሎ አየር ላይ ቀረ። ፈታኟ «አንድ ደቂቃ!» ብላ ስትጮህ፣ ከድንጋጤው የተነሣ ተጫነው።

ስክሪኑ በዚህኛው ጊዜ አልደረቀም፤ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ማለቷን አላቋረጠችም።