የተሰነጠቀው ቀይ መስታወት

የሚስቱ ታላቅ ወንድም የሰደበው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ አብሮት በሚሠራበት በወንድምየው የመስታወት ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሦስት ደንበኞች ፊት ነበር። ቀይ መስታወት ሲቆርጥ ቢሰነጠቅበት፣ ሰውየው ነጥቆ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረውና፣ «ያንተ እጅ ለአካፋ እንጂ ለመስታወት አልተፈጠረም፤ እህቴ ምን ታይቷት እንደሆነ እንጃ» አለው። ደንበኞቹ ሳቁ። እሱ ሲበተኑ ጠብቆ ሁለቱን ስባሪ ከቅርጫቱ ለቅሞ ኪሱ ከተተ።

ዛሬ እሱ የራሱን ወርክሾፕ ለሕዝብ ሲከፍት ያው የሚስቱ ወንድም እጁን ወደኋላ አጣምሮ ገባ። ሌላውን ሥራ ሁሉ እንዳላየ አልፎ፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀለችው የመስታወት ወፍ ፊት ቆመ። ፀሐይ በወፏ ቀይ ደረት አልፋ ሸሚዙን አቀላችው። ከአንገቷ እስከ ክንፏ የወረደውን ቀጭን የብረት መስመር በጣቱ ተከተለ። መስመሩ የያኔውን ስንጥቅ ሸፍኖ ሁለቱን ስባሪ የያዘ ነበር።

«ስማ እንጂ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቺን መስመር እንዴት አሰብካት? እኔ ራሴ አልሞክራትም።»

«ቅርጫት ውስጥ የወረወርካት ናት፣ ጋሼ» የሚለው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲስለው ኖሯል። የሰውየው ጣት ግን አሁንም ከወፏ ላይ አልተነሳም። እስኪነሳ ጠበቀ። ከዚያ የመጥረጊያ ጨርቁን ከትከሻው አውርዶ የሰውየውን አሻራ ከመስታወቱ ላይ ጠረገና፣ በር ላይ ወደቆሙት እንግዶች ሄደ።