ሳይፈታ የዋለው ክር

እናትየው ጠዋት ስትነቃ የግራ እጇ ጣት ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

ክር ማሰር ልማዷ ነው። ልጁን ከወለደች ወዲህ ነገር ሁሉ ከራሷ እየጠፋ አስቸግሯታል። ስለዚህ ለነገ ያሰበችው ካለ ትንሿ ጣቷ ላይ ክር ትጠመጥማለች። ያሰበችውን ሳትፈጽም አትፈታውም።

የዛሬው ግን ከትንሿ ጣት አጠገብ ባለው ጣት ላይ ነው። ቋጠሮውም የጫማ ማሰሪያ ይመስላል።

«እንቅልፍ እያዳፋኝ ነው መቼም ያሰርኩት» አለች። ለምን እንዳሰረችው ግን ጠፋባት። የልጁ ጉዳይ ቢሆንስ?

ባሏ ለሥራ ሊወጣ በሩ ላይ ቆሞ ኪሱን ይዳብሳል።

«ምን ረሳህ?»

«እኔ እንጃ፣ የሆነ ነገር። ይሁን፣ መንገድ ላይ ትዝ ይለኛል» ብሎ ሄደ።

«እሱም ጀመረው!»

ምድጃውን አየች፤ ጠፍቷል። ሽሮፑን አየች፤ ልጁ የጠዋቱን ወስዷል። ወደ አማቷ ዞረች።

«እማማ፣ ይሄን ክር ለምን እንዳሰርኩት ነግሬዎታለሁ?»

«ወይ ጣጣ! ቀጥሎ ደግሞ ልጁን የት እንዳስቀመጥሽው ልትጠይቂኝ ነው» አሉ አማቷ።

ያን ጊዜ ክትባቱ ትዝ አላት። ልጁን አዝላ እየሮጠች ጤና ጣቢያ ደረሰች። ነርሷ ገና ስታያት ሳቀች።

«እህቴ፣ ባለፈው ሳምንት ከተብነው እኮ!»

«አዎ፣ ግን ክሩ አልተፈታም።»

«ታዲያ ፍቺዋ!»

«ብፈታውና ልጄ አንድ ነገር ቢሆንብኝስ?»

ነርሷ መቀስ አነሳች። «በእርግዝናሽ ጊዜ እጅሽ አብጦ ቀለበትሽን እንደቆረጥንልሽ ይሄንንም ልገላግልሽ?»

እናትየው እጇን ሸሸገችና ወጣች።

ቀኑን ሙሉ ልጁን ስትዳስስ ዋለች። ትኩሳት የለውም። ይጠባል፣ ይስቃል፣ ክሩንም ሊበላው ይታገላል። እሷ ግን ክሩ እንዳይላላ የልጁን ጨርቆች በአንድ እጇ አጠበች። አማቷ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺ ልጅ፣ በጤናሽ ነው?»

«እማማ፣ የሆነ ነገር እንዳለ ልቤ ይነግረኛል» አለችና እንባዋ መጣ።

አመሻሽ ላይ ባሏ እያለከለከ ገባ፤ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የግራ እጇን ለቀም አደረገና «እሰይ፣ አልፈታሽውም! ወርቅ ሠሪው ‹የጣቷን ልክ ሳትይዝ አትምጣብኝ› ብሎ መለሰኝ» አላት።