ሌላ ቀጠሮ

አዛውንቱን የጎረቤታቸው የእልፍነሽ ውሻ ባታቸው ላይ ነከሳቸው። ከሰሷት፤ ካሳም ጠየቁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ስለሌለ፣ በየቀጠሮው ደግፋ ፍርድ ቤት የምታደርሳቸው ራሷ ተከሳሿ ነበረች። መንገድ ላይ ስለ ልጆቿ ታጫውታቸዋለች፤ ሲደክማቸውም አብራቸው ትቆማለች።

በሦስተኛው ቀጠሮ ዳኛው፣ «እልፍነሽ ጥፋቷን አምና የጠየቁትን ልትክስ ተስማምታለች። መዝገቡን እንዝጋው?» አሏቸው።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም፣ ላስብበት። ሌላ ቀጠሮ ይስጡኝ።»

ዳኛው ግራ ገብቷቸው ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሩ።

«ተቀይመውኝ ነው፣ ጋሼ?» አለች እልፍነሽ ደጅ ሲወጡ።

«ኧረ በጭራሽ፣ ልጄ» አሉና ክንዷን ያዙ።

እግራቸው ከዳነ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር።