መንገዱን በሹክሹክታ የመራው ሰው

ነገር ሁሉ የተበላሸው ማክሰኞ ጠዋት ነው።

የቀለም ፋብሪካው ኬሚስት ከማደባለቂያው ማሽን አጠገብ ቆሞ ናሙና እየቀዳ ነበር።

"እስኪቀዘቅዝ ድረስ ማሽኑ እንዳይነሳ" ብሎ ለፈረቃ ኃላፊው ነግሮታል። ደግሞ ነግሮታል።

ማሽኑ ተነሳ...

የፈላው ነገር ፊቱ ላይ ፈነዳ።

ሆስፒታል ውስጥ ሲነቃ ሁለት ዜና ጠበቀው። አንደኛው፣ ዓይኖቹ ከእንግዲህ አያዩም። ሁለተኛው... "ማሽኑን አስነሱ ያለው እሱ ራሱ ነው" ተብሎ ተመስክሮበት ከሥራ ተባሯል።

የመሰከረበት የፈረቃ ኃላፊው ነው።

የመጀመሪያውን ዜና ቀስ በቀስ ለመደው። ሁለተኛው ግን እንደ እሾህ ውስጡ ቀረ።

ያን ያህል ዓመት ተምሮ፣ ያን ያህል ተጠንቅቆ ሠርቶ... በሰፈሩ "ራሱን በራሱ ያሳወረው" ተባለ።

ከቤት ያወጣችው ታላቅ እህቱ ናት።

"ተነስ፣ ሩጫ ልወስድህ ነው።"

"እኔን? ከማን ጋር ልጋጭ?"

"እዚህ ከቁም ሳጥኑ ጋር ስትጋጭ ነው የምትውለው። እዚያ ቢያንስ በየቀኑ አዲስ ሰው ታገኛለህ።"

ሳቀ። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ሲስቅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር።

ሜዳው ላይ ዓይነ ስውራን ከመሪ ሯጭ ጋር ነው የሚሮጡት። የአንዲት አጭር ገመድ አንዱን ጫፍ አንዱ፣ ሌላውን ሌላው ይይዛል። መሪው መንገዱን በአፉ ይነግራል።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ መጣና "ኬሚስቱን እኔ ልምራው" አለ። ጉሮሮውን እንደታመመ ተናግሮ በሹክሹክታ ብቻ ነው የሚያወራው። የሜዳው ልጆች ስሙን ትተው "ሹክሹክታ" አሉት።

"ዕድሌን እይልኝ" አለ ኬሚስቱ ለእህቱ። "እኔ አላይ፣ እሱ አይናገር። ሁለት ሆነን አንድ ሰው አንሞላም።"

ሹክሹክታ ግን ሥራውን አከበረ። በዝናብም በብርድም ቀድሞ ይገኛል። "ቀኝ..." "ጉድጓድ..." "ዳገት ነው፣ አይዞህ..." ይላል። ጎንበስ ብሎ የኬሚስቱን ጫማ ያስራል። ሲያመሰግኑት ይሸሻል።

እህትየው፣ ፋብሪካውን ረግጣ የማታውቀዋ፣ እሱን አመስግና አትጠግብም።

"የእናት ልጅ እንኳ እንዲህ አይሆንም" ትላለች።

"አዎ" ይላል ኬሚስቱ። ሌላ አይጨምርም።

ዓመታት አለፉ... የማራቶኑ ቀን ደረሰ።

ከግማሽ በላይ እንደ አንድ ሰው ሮጡ። ትልቁ ዳገት ላይ ግን ሹክሹክታን ባቱን ያዘው። ቆመ።

"ሌላ መሪ ቀይር..." አለ እያቃሰተ። "ደንቡ ይፈቅዳል።"

"አልቀይርም።"

"ሰዓት ያልፍብሃል..."

"ይለፍ። ካንተ ጋር ነው የምጨርሰው። ክንድህን አምጣ።"

የማያየው ሰው የሚያየውን ደግፎ ዳገቱን ወጣ።

መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ አጨበጨበ። እህትየው መጨረሻው መስመር ላይ የማታውቃቸውን ሰዎች እጅ እየጎተተች "ወንድሜ ነው... ያ ወንድሜ ነው" ትላለች።

ኋላ ከገቡት መካከል ነበሩ። ግን ችግርን አሸንፈው ለጨረሱ የሚሰጥ የክብር ሜዳሊያ ነበርና ሁለቱም ወደ መድረክ ተጠሩ።

አስተዋዋቂው ጀመረ።

"ይህ ጀግና በራሱ ስህተት በደረሰ የሥራ ላይ አደጋ ዓይኑን ቢያጣም..."

ጭብጨባ።

ኬሚስቱ እጁን ዘረጋ።

"ማይኩን ስጠኝ እስቲ።"

ሰጠው።

"ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። ስህተቱ ግን የእኔ አልነበረም። የማን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ቆሟል።"

ፊቱን ወደ ሹክሹክታ አዞረ።

"የፈረቃ ኃላፊ... ጉሮሮህ ደህና መሆኑን ካወቅኩ ቆየሁ እኮ።"

አዎ... ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ሰውየው ጫማውን ሊያስርለት ጎንበስ ከማለቱ በፊት ጣቶቹን አንድ በአንድ ያንቋቋል። ፋብሪካ ውስጥም ማሽን ከማስነሳቱ በፊት እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ድምፅ ይደበቃል... አመል ግን ያወጣል ከመሃል።

"እያወቅክ... ለምን ዝም አልክ?" አለ ሹክሹክታ።

"ብናገር ትሄዳለህ። ከሄድክ ስሜን ማን ይመልስልኛል? አንተ ገመዱን የያዝከው እኔ መንገድ እንዳልስት ነው። እኔ የያዝኩት አንተ እንዳትጠፋብኝ ነው።"

ማይኩን ወደ ሰውየው አቀረበ።

"በል። በሹክሹክታ አይደለም... በመሰከርክብኝ ድምፅ።"



ሰውየው ማይኩን ተቀበለ። ከዚያ ያ ወፍራም የፋብሪካ ድምፁ ወጣ።

"ማሽኑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። እሱ ከልክሎኝ ነበር። እንጀራዬን ፈርቼ ዋሸሁ።"

እህትየው ባለችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ኬሚስቱ ግን ቆሟል። ሜዳሊያውን ሲያጠልቁለት አንገቱን አልደፋም። ያጠለቀለት ሰውዬ ነው በእግሩ ጣቶች የተንጠራራው።

ወዳጆቼ...

የበደላችሁትን ሰው እጁን ይዛችሁ ዓመታት ብትመሩት፣ ስሙን ካልመለሳችሁለት ገና መንገድ ላይ ናችሁ።

ችግሩን ያሸነፈ ሰው ስታከብሩም፣ ችግሩን ማን እንዳመጣበት ጠይቁ። አለበለዚያ ጭብጨባችሁ ውሸቱን መድገም ነው።

እናንተ በኬሚስቱ ቦታ ብትሆኑ ያንን ሰው ደግፋችሁ ዳገቱን ታወጡት ነበር... ወይስ ገመዱን ትለቁ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉ።

እናንተ ደግሞ፣ ኬሚስቱን አንድ ቃል ሳትጠይቁ "ጥፋተኛ ነው" ብላችሁ የፈረማችሁ የፋብሪካው አለቆች... የመሰከረው እንኳ ተናገረ። እናንተስ?

አንብባችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ... መልሱ።