ግምጃ ቤት ተቀጠረ

ሰውየው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ግምጃ ቤት ነበር የሚሠራው። ሥራው ቢቀርም ስሙ አልቀረም። ሰፈሩ አሁንም «ግምጃ ቤት» ይለዋል።

ከዚያ ወዲህ ዱቄት ፋብሪካ በር ላይ ጫኝና አውራጅ ሆነ። ቦታውን ያስገኘለት የሚስቱ ወንድም ነው። የሚኖሩትም እሱ ጓሮ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አማችየው ይህንን ሳያነሳ የዋለበት ቀን የለም።

ግምጃ ቤት ከሥራ መልስ መንግሥት በነፃ የሚሰጠውን ሥልጠና ተማረ። ዕቃ አያያዝ በኮምፒውተር። ጣቱ ወፍራም ነው፤ አንዱን ፊደል ሲጫን ሁለት ይነካል። ወጣቶቹ ይስቁበታል። ቢሆንም ጨረሰ። ሲጨርስ «ሥራ ሲገኝ እንጠራዎታለን» አሉት።

ጠሩት።

«ሐሙስ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ማሰልጠኛው ድረስ ይምጡ። የግምጃ ቤት ሥራ ነው» አለችው አንዲት ልጅ በስልክ።

ሚስቱ ሸሚዙን ተኮሰችለት። ወንድሟ በሩን ተደግፎ ያያል።

«ለማን ነው የምትዘንጠው? ቦታው እኮ ድሮ ተይዟል።»

«በማን?»

«ሰው ባለው ነዋ! አንተን የጠሩህ ለማሟያ ነው።»

«ወንድምዓለም፣ ዛሬ እንኳ አፍህን ሰብስብ» አለችው እህቱ።

ሐሙስ ቀደም ብሎ ደረሰ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ያለው በር ተከፈተና ሱፍ የለበሰ ወጣት ወጣ። መነጽር ያደረገች ጠና ያለች ሴትዮ በሩ ድረስ ሸኘችው። ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

«ጎበዝ። እንዲህ ነው» አለችው።

ግምጃ ቤት ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። አማቹ እውነቱን ነው። ሴትዮዋ የራሷ ሰው አላት።

ተጠርቶ ገባ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ገና መጠረጉ ነው። ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ሁለት ወጣት ወንዶችና አንዲት ወጣት ሴት ተደርድረዋል። ሴትዮዋ ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። ቀና ብላም አላየችው።

«እ... ስለ ራስዎ ይንገሩን» አለ ክራባት ያሰረው። ግንባሩን አልቦታል።

ነገራቸው።

«ከእጅዎ ዕቃ ቢጠፋ ምን ያደርጋሉ?» አለች ልጅቷ።

«እኔ የማደርገውን ሳይጠፋ ነው የማደርገው።»

ሦስቱም ሳቁ። ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሳቁ ቆመ።

ሦስተኛው ልጅ ስለ ራሱ እንዲናገር እንደገና ጠየቀው። ግምጃ ቤት ሳይሰለች እንደገና ተናገረ። በተራውም፦

«የሥራው ቦታ የት ነው?» አለ።

ሦስቱም ወደ ጥግ ዞሩ። ሴትዮዋ ትጽፋለች።

«ውጭ ይጠብቁ» ተባለ። በበሩ በኩል ሲንሾካሾኩ ይሰማዋል። የሴትዮዋ ድምፅ ይበዛል። ለዚያ ለሱፍ ለባሹ እየተሟገተች እንደሆነ አልጠፋውም። ኮፍያውን ይዞ ለመሄድ ተነሣ።

በሩ ተከፈተ።

«እንኳን ደስ አለዎት፤ ተቀጥረዋል» አለ ባለክራባቱ። ቆሞ እጁን ጨበጠው። «ሰኞ ጠዋት እዚሁ ይምጡ።»

ያን ጊዜ ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው።

«አሁን የያዙት ሥራ አለ?»

«ሸክም ነው፣ እመቤቴ። ነገውኑ እተወዋለሁ።»

ሴትዮዋ ይህንንም ጻፈች።

አርብ ለጫኞቹ አለቃ ለካቦው ነገረው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ከለቀቅህ ነገ ሌላ ሰው ነው የሚሸከምበት። አስበህበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

ጫኞቹ «ጌታዬ ግምጃ ቤት!» እያሉ ዱቄት በተኑበት። ራሱ ነጭ ሆኖ እየሳቀ ቤቱ ገባ። አማቹ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር።

«ለማሟያ ነው የጠሩህ አላልከኝም?» አለው። «ቀና ብዬ ልሂድ እስቲ እኔም። ቤትህንም እንለቅልሃለን።»

ሚስቱ ክንዱን ያዘችው።

«ቀስ በል እንጂ፣ ገና ወንበሩን እንኳ አላየኸውም።»

«ተይኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ዋጥኩት።»

አማችየው አልተቆጣም። እሑድ ክፍሉን የሚረከብ ሰው ይዞ መጣና መስኮቱን፣ በሩን፣ ጣሪያውን አሳየው። ሚስትየዋ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሲለኩ አየች። ተከራዩ በማግስቱ ከሰዓት እንደሚገባ ተናግሮ ሄደ።

ሰኞ ግምጃ ቤት ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ ዕቃውን ለሚስቱ ትቶላት ወጣ። ከሥራው መልስ የሚከራዩትን ክፍል አብረው ሊፈልጉ ተቃጥረዋል።

የማሰልጠኛው ያው ክፍል ነው። ያው ሦስቱ ልጆች ከጠረጴዛው ኋላ አሉ። ዛሬ አንዳቸውም ዓይኑን አያዩም።

«ሥራ የሚያስጀምረኝ ማነው?» አለ እየሳቀ።

ሴትዮዋ በሩን ዘጋች። ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ሦስቱ ዞረች።

«የመቅጠሩን ልምምድ ሦስታችሁም አልፋችኋል፤ የዛሬው ፈተና ማሰናበት ነው፣ ጀምሩ።»