ተመላሹ ጉርሻ

ልብ ሳይባል የተሠራ ነገር ሁሉ እንዳልተሠራ መሆን ከጀመረ ወዲህ፣ ዳምጠው መከራውን ያያል። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ የቆለፈው በር ብርግድ ይላል፤ አንድ ቀንማ ጫማውን አጥልቆ ገበያ መሐል ሲደርስ በባዶ እግሩ ነበር፤ ጫማው አልጋ ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቀው።

ዛሬ ግን ቀልድ የለም። ሚስቱ እልፍነሽ ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ ትሪው ፊት ተቀምጣለች።

“አንድ ጉርሻ አጉርሰኝ። ከተመለሰ እናቴ ቤት ነኝ።”

ጠቅልሎ አጎረሳት። አፏን ሳትገጥም ጉርሻው ተመልሶ ትሪው ላይ ዱብ አለ።

“የት ሄደህ ነው?”

“ሻንጣው ጋ።”

ደግሞ አጎረሳት። እንዳይመለስ ሲጨነቅ ያም ተመለሰ።

“አሁንስ?”

“እዚሁ ነኝ፤ ጉርሻው ጋ።”

“እኔ ጋስ መቼ ነው የምትመጣው?” ብላ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች።

“እባክሽ እልፌ፣ አንዴ ብቻ።”

ሌላ ጠቀለለ። አፏን ስትከፍትለት ግን ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

“ይሄ ጥርስሽ መቼ ወለቀ?”

“አምና፣ ለፋሲካ።”

ቀስ ብሎ አጎረሳት። በወዲያኛው በኩል አላምጣ ዋጠች። ሁለቱም ትሪውን አዩ፤ ምንም አልወደቀም።

እልፍነሽ ተመልሳ ተቀመጠች።

“ድገመኝ” አለችው።