ያደረና የከረመ

ገብረኪዳን አንኮበር ላይ፣ ከቁልቁለቱ አፋፍ፣ መረሬ በሚሉት ጥቁር ጭቃማ አፈር ላይ የድንጋይ ቤት ሠራ። ሚስቱ ወለተሐና የመጀመሪያ ልጇን እዚያው ወለደች። ልጁ የሚተኛው በቁልቁለቱ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር፣ መደቡ ላይ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ያ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ክር ያህል ነበር። ወለተሐና ልጁን ወደ ምድጃው አዛወረችው፤ ግን ግድግዳው ከሄደ ጣራው የት ይቀራል?

ነገሩን የጣለችው በዓወል ላይ ነው። ዓወል የአሊዩ አምባ ነጋዴ፣ የባሏ ወዳጅ ነው። ጨው ጭኖ በወጣ ቁጥር እነሱ ዘንድ ያድራል። የበቅሎዎቹን ጭነት ሁሉ እዚያ ግድግዳ ሥር ይቆልላል፤ ሲነጋ ጭኖ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አሞሌ የትኛው ግድግዳ ይችለዋል አለች። ባሏ ሳቀባት። ግድግዳው የሚፈራው ያንቺን ዓይን ነው አላት፤ ቀኑን ሙሉ ስታፈጥጪበት።

እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ከምንጭ በተመለሰች ቁጥር ድንጋይ ይዛ እየመጣች ግድግዳውን በውጭ በኩል ትደግፈው ጀመር።

ሐምሌ ላይ ስንጥቁ ጣት አስገባ። ዓወልን ከእንግዲህ ጨውህን ቤቴ አታግባ አለችው።

"እሺ እሜቴ፣ የልጅ ነገር ነው። አላህ ያሳድግልሽ" አለና ከነጭነቱ ጎረቤት በረት አደረ። ገብረኪዳን አፈረ።

ጨው ቀረ፤ ስንጥቁ ሰፋ። እንግዲያው የበቅሎዎቹ ኮቴ ነው አለች። በቅሎዎቹም በሌላ መንገድ ዞሩ። የድንጋዩ ክምር ወገቧ ሲደርስ ልቧ ትንሽ አረፈ። ስንጥቁ ግን እጅ አስገባ።

በነሐሴ መጨረሻ ሽማግሌው ግንበኛ ብርሃነ መስቀል ተጠራ። ዓወልም ጥፋቱ የኔ ከሆነ ልካስ ብሎ መጣ። ሽማግሌው ከውስጥ ስንጥቁን ዳሰሰ፤ ከውጭ ዞሮ የግድግዳውን ሥር አየ።

"ጨውህ ስንት ጊዜ ይቀመጥ ነበር?" አለው ዓወልን።

"ሌሊቱን ብቻ።"

"አድሮ የሚሄደውን መሬት አያውቀውም። መረሬ የሚሰምጠው ለከረመበት ሸክም ነው።" ከዚያ ወደ ወለተሐና ዞረ። "እዚህ ምን ከረመ፣ ልጄ?"

"ምንም አልከረመም፣ አባቴ" አለች፤ ድንጋይ ይዛ ከምንጭ ገና መድረሷ ነበር።

ሽማግሌው ድንጋዩን ከእጇ ተቀብሎ ቁልቁል ወረወረው፤ ጎንበስ ብሎም ከክምሩ ሌላ አነሳ።